አቤት ያለ ሰምቷል

ጠዋት ከአልጋዬ ስወርድ ወለሉ «መሬት አለ» ይለኛል። «አቤት» እለዋለሁ። መሬት የሌለ ቀን ቢነግረኝ ነበር የሚጠቅመኝ፤ ግን ይህን የምነግረው ሰው የለም። መታጠቢያ ቤቱ «ውሃ ያንሸራትታል» ይላል፤ አቤት። ምድጃው «እሳት ያቃጥላል» ይላል፤ አቤት። ዳቦ ልቆርጥ ስል መሳቢያው ስለ ቢላዋ ስለት አንድ ጊዜ ካልነገረኝ አይከፈትም። አቤት ብዬ እከፍተዋለሁ።

ደረጃው ላይ ጎረቤቶቼ እየወረዱ ነው። እያንዳንዱ እርከን ስለ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ሰዎቹም ወደ ሥራቸው እየሮጡ ይመልሱለታል። አቤት፣ አቤት፣ አቤት። አገራችንን የማያውቅ እንግዳ ቢያየን ምሕላ ላይ ያለን ይመስለዋል። ታክሲ ውስጥ ደግሞ ወንበሩም፣ በሩም፣ መስኮቱም የየራሳቸውን ይናገራሉ። ሰው ከሰው ጋር ማውራት ካቆመ ቆይቷል፤ ለነገሩ በመካከል የሚተርፍ ጊዜ የለም።

ኤልዳና እባላለሁ። ልጅ ሳለሁ ኤልዳና የሕፃን ስም ነበር፤ ዛሬ ስሙ ሲጠራ ሰው የሚያስበው መነጽር ያደረገች ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት ነው። አልተሳሳተም፤ እኔው ነኝ። አብራሪ ነበርኩ። ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ ማሠልጠኛው ውስጥ በሲሙሌተር አስተምራለሁ። ሲሙሌተሩ በብረት እግሮች ላይ የቆመ የአውሮፕላን ጋቢና ነው። ይወዛወዛል፣ ያዘነብላል፣ በመስኮቱ ደመናና ተራራ ያሳያል። አንድ ስንዝር ፈቀቅ ብሎ አያውቅም። ይህ የትም የማይሄድ ጋቢና ግን ቀኑን ሙሉ «መሬት ልትመታ ነው» እየተባለ ይጮኽበታል።

እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ አስጠንቃቂው ድሮ ደግ ነገር ነበር። በእኔ ዘመን ድምፁ የሚሰማው ተራራ በእርግጥ ሲቀርብ ብቻ ነው። «መሬት! ከፍ በል!» ይላል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ ክንዴ ከሐሳቤ ቀድሞ መሪውን ይስባል። በዚህ ድምፅ ነፍሴ ተርፋለች፤ ውለታውን አልክድም።

ከዚያ የማስጠንቀቂያ ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። አንድ አውሮፕላን አደጋ በደረሰበት ቁጥር፣ አስጠንቃቂው መጮህ የሚጀምርበትን ርቀት በትንሽ በትንሹ ከፍ ያደርጉታል። ከፍ ማድረግ ማንም ይችላል። ዝቅ ለማድረግ ግን አንድ ሰው መፈረም አለበት፤ ከፈረመ በኋላ አንድ አውሮፕላን ቢወድቅ ተጠያቂው እሱ ይሆናል። እስከ ዛሬ የፈረመ የለም። እንግዲህ አገራችንን አስቧት። ተራራ የሌለበት አቅጣጫ የቱ ነው? አሁን መሣሪያው ጎማው መሬት ከለቀቀበት ጊዜ ጀምሮ ጎማው መሬት እስኪነካ ድረስ አያርፍም። ሜዳ ላይ ለማረፍ ስትወርድ እንኳ ሜዳው መሬት መሆኑን ይነግርሃል።

በዚህ ላይ ጨዋነት ጨመሩበት። እኛ ሴቶቹ «በል» አትበሉን ብለን ነበር፤ ትልልቆቹ ካፒቴኖች ደግሞ በመሣሪያ አንተ መባል አንገሸገሻቸው። ባለሥልጣኑ በጉዳዩ ላይ ወራት ሙሉ ተሰበሰበ። መጨረሻ ላይ ምን ቢያመጣ ጥሩ ነው? «ክቡር አብራሪ፣ ከፊት ለፊትዎ መሬት ስላለ እባክዎ ከፍ ይበሉ።» ተራራ አፍንጫህ ላይ ደርሶ እባክዎ! ዓረፍተ ነገሩ አልቆ ወደ ግሡ እስኪደርስ ድረስ ስንት ነገር እንደሚሆን የጠየቀ አልነበረም።

አብራሪው ለዚህ ሁሉ የሚመልሰው አንድ ቃል ነው፦ አቤት። ቃሉን የመረጡት እነሱ ናቸው፤ ሁሉም ከእናቱ ቤት ይዞት ስለሚወጣ፣ አፍ ላይም ስለሚቀል። መመሪያው «አቤት ያለ ሰምቷል» ይላል። አቤት ስትል ዳሽቦርዱ ጥግ ላይ «ሰምተዋል» የሚል ትንሽ አረንጓዴ ጽሑፍ ይበራል፤ መሣሪያውም ለትንሽ ጊዜ ፋታ ይሰጥሃል። ዝም ካልከው ራሱን ስቷል ብሎ መሪውን ይነጥቅህና አውሮፕላኑን ራሱ ወደ ላይ ያወጣዋል። ከዚያ ወደተነሣህበት ይመልስሃል፤ በረራው ይሰረዛል፤ አንተም ለምን ዝም እንዳልክ ስትጠየቅ ትከርማለህ።

ስለዚህ ሰልጣኞቼ ከመብረር በፊት አቤት ማለትን ይማራሉ። መጀመሪያ አካባቢ ይደነግጣሉ፣ ይስባሉ፣ ያልባቸዋል። ከዚያ ይለምዱታል። ትንሽ ቆይቶ እያወሩ፣ እያዛጉ፣ ብስኩት እያኘኩ አቤት ይላሉ። አንዱ የራሱን አቤት ቀድቶ በኪሱ ይዞ ገባና ተያዘ። ሌላው ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ እየበረረ በስሜት ብቻ አቤት ሲል አገኘሁት፤ አቤቶቹ ሁሉ በትክክለኛው ቦታ ላይ ነበሩ። ያን ቀን ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ያመኛል።

አስቂኝ እንዳይመስላችሁ። ሕጉ ሲሙሌተርንና እውነተኛ አውሮፕላንን አይለይም። አምና ሊዲያ የምትባል ሰልጣኜ ሲሙሌተሩ ውስጥ ተራራ መታች። የሞተ የለም። የተጫረ ቀለም እንኳ የለም። ጋቢናው ቆሞ በነበረበት ቆሟል። ባለሥልጣኑ ግን ፈቃዷን ነጥቆ ክስ መሠረተባት። ልከራከርላት ቢሯቸው ሄጄ ነበር። ሰብሳቢው ኢንጂነር ያፌት ከወንበሩ ሳይነሣ «ካፒቴን፣ የወደቀ አውሮፕላን የወደቀ ነው። ልምምዱን እንደ እውነት ካልያዝነው እውነቱን እንደ ልምምድ እንይዘዋለን» አለኝ። አባባሉ ራሱን በጣም ደስ እንዳሰኘው ያስታውቅበት ነበር። ሊዲያ አሁን ጫማ ቤት ውስጥ ትሠራለች።

ይህን ሁሉ የማወራው በቃለአብ ምክንያት ነው። ቃለአብ ካስተማርኳቸው ሁሉ እጁ ለስላሳ የሆነው ልጅ ነው። ልጅ እላለሁ እንጂ እሱም የልጅ አባት ሆኗል። በክረምቱ ወገብ ላይ፣ ከረዳቱ ከኢዮስያስ ጋር መድኃኒት ጭኖ ወይራ አምባ ወደምትባል ቦታ በረረ። ወይራ አምባ በሁለት ሸንተረሮች መካከል የተዘረጋች ማረፊያ ሜዳ ናት፤ ደመና ሲወርድባት ጠባቂው ራሱ ሜዳዋን በእግሩ ይፈልጋታል። አውሮፕላኑ የግራውን ሸንተረር መታ። ኢዮስያስ እዚያው ሞተ። ቃለአብ ሁለት እግሩ ተሰብሮ ተረፈ።

ባለሥልጣኑ የጋቢናውን ቅጂ አዳመጠ። የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ አለ። ቀጥሎ የቃለአብ አቤት አለ። ከዚያ ጸጥታ፤ ከዚያ ሸንተረሩ። ለእነሱ ነገሩ ያለቀለት ነው። አቤት ብሏል፤ ስለዚህ ሰምቷል። ሰምቶ ከፍ አላለም፤ ስለዚህ ገድሏል። የሚጠብቀው እስር ቤት ነበር።

ሆስፒታል ልጠይቀው ሄድኩ። አልጋው «ከፍታ አለኝ» እያለ ይለፈልፋል፤ ቃለአብም ዓይኑን ሳይገልጥ አቤት ይለዋል። ሲያየኝ ሊነሣ ሞከረ።

«ተኛ ባክህ» አልኩት። «በምን እግርህ ልትነሣ ነው?»

«እትዬ ኤልዳና፣ ነገሩን ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ።»

«አቤት ብለሃል አሉኝ።»

«አሉ። አንተስ ታስታውሳለህ?»

«ምንም አላስታውስም። ደመናው ትዝ ይለኛል፤ ኢዮስያስ በሬ፣ በሬ ሲል ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲያ የለም።» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ግን አቤት ካልኩ ሰምቼ ነው ማለት ነው አይደል? ሰምቼ ዝም ካልኩ ደግሞ እኔ ነኝ የገደልኩት። መሣሪያው በምን ዕዳው ይዋሻል?»

«መሣሪያው ከመቼ ወዲህ ነው የምትምልበት አምላክህ የሆነው?»

«ይቅለለኝ እትዬ። ጥፋተኛ ነኝ ብዬ ልፈርምላቸው ነው። የኢዮስያስ እናት መጥተው እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ፊታቸውን ሳየው መልስ ሊኖረኝ ይገባል ብዬ አሰብኩ።»

ደሜ ፈላ። በእሱ አልነበረም፤ በማን እንደሆነም ወዲያው አላወቅሁም። «ስማ ቃሌ» አልኩት፣ «እኔ ሳልመጣ አንዲት ነገር ላይ ብትፈርም፣ ያልተሰበረውን አጥንትህን እየፈለግሁ እሰብረዋለሁ።» ትንሽ ፈገግ አለ። አልጋው ስለ ከፍታው ደግሞ ተናገረ። ሁለታችንም እኩል አቤት አልን።

የአደጋ በረራ ሁሉ በሲሙሌተር ይደገማል፤ ደንብ ነው። ድግግሞሹን የማዘጋጀው እኔ ስለሆንኩ ቅጂው በእጄ ገባ። በምሳ ሰዓት ሰልጣኞቹ ሲወጡ ጋቢናው ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ከፈትኩት።

በመጨረሻው ቦታ ላይ የሚሰማው አንድ ድምፅ አይደለም። ሦስት ነው። በሬዲዮ የወይራ አምባው ጠባቂ «ካፒቴን! በሬዎች ሜዳው ላይ ገብተውብኛል፣ ትንሽ ይዙሩ!» እያለ ይጮኻል። በዚያው ቅጽበት ኢዮስያስ «በሬ ነው የሚለው? ስንት በሬ?» ይላል። በሁለቱ ላይ ተደርቦ መሣሪያው ከተነሡበት ጊዜ ጀምሮ ሲለው የነበረውን ያንኑ ነገር፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ትሕትና ይደግማል፦ ክቡር አብራሪ፣ ከፊት ለፊትዎ መሬት ስላለ እባክዎ። ነፋሱ ወደ ግራ ገፍቷቸዋል። በዚያ በረራ ሁሉ የጮኸው በከንቱ ነበር፤ ይቺ አንዷ ብቻ እውነት ናት። ቃለአብም ይመልሳል።

«አቤት?»

እንደገና አዳመጥኩት። ደግሜ አዳመጥኩት። ከዚያ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቄ ወንበሩ ላይ ወረወርኩት።

የእኛ ሰው ይህን እንዲያስረዱት አያስፈልገውም። አቤት ሁለት ነው። አንዱ ወደ ታች ይወርዳል፤ አለሁ፣ ሰምቻለሁ ማለት ነው። ሌላው መጨረሻው ላይ ሽቅብ ይነሣል፤ አልሰማሁም፣ እስቲ ድገምልኝ ማለት ነው። ገና አፉን የፈታ ሕፃን ይለየዋል። ቃለአብ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያናግረው፣ እንደ ማንኛችንም ጆሮውን አቅንቶ ምን አላችሁ ብሎ ጠየቀ። መሣሪያው ጥያቄውን መልስ ነው ብሎ መዘገበና አረንጓዴውን አብርቶ ዝም አለ። ድገምልኝ ሲለው ዝም አለው! ምንም ሳይተነፍስ ቢቀር ኖሮ መሪውን ነጥቆ ሸንተረሩን ያሻግራቸው ነበር። ኢዮስያስ የሞተው ካፒቴኑ አልሰማሁም ስላለ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሰልጣኞቼን አላስተማርኩም። ወደ ባለሥልጣኑ ሄድኩ። በሩ፣ ምንጣፉ፣ ሊፍቱ ተራ በተራ አስጠነቀቁኝ፤ እንደ እብድ አቤት እያልኩ ኢንጂነር ያፌት ቢሮ ደረስኩ። ኢንጂነር ያፌት ከእኔ የሚበልጥ፣ ጸጉሩን የሚቀባ፣ ኮቱ ላይ የአብራሪ ክንፍ የሚሰካ ሰው ነው። በወጣትነቱ በርሯል ይባላል። ቅጂውን አሰማሁት።

«ሰሙት? ጥያቄ ነው።»

«አቤት ነው የሚለው» አለ።

«አቤት? ነው የሚለው። ሽቅብ ነው። አልሰማሁም ማለቱ ነው ክቡር ሰብሳቢ።»

«ካፒቴን፣ መመሪያው ስለ ድምፅ አወጣጥ አይናገርም። አቤት አቤት ነው። ዛሬ ይህ ሽቅብ ነው ካልን ነገ እያንዳንዱ አጥፊ ሽቅብ ነበር ይለናል።»

«እርስዎ እንደ አማርኛ ተናጋሪ ሲሰሙት ምን ይመስልዎታል?»

«እኔ የምሰማው እንደ ሰብሳቢ ነው» አለና ሰዓቱን አየ።

መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ በንዴት ነበር። የእግረኛ መንገዱ እንባ እይታን እንደሚጋርድ አስታወሰኝ። አቤት አላልኩትም። እስክሻገር ድረስ ከኋላዬ ሲጮኽ ነበር።

የድግግሞሹ ቀን ደረሰ። ኢንጂነር ያፌት ከሁለት አባላት ጋር መጣ። ቃለአብን በተሽከርካሪ ወንበር አምጥተው ከጋቢናው ውጪ፣ ድምፅ ማጉያው ሥር አስቀመጡት። ፊቱ ገርጥቷል። ደንቡ በረራውን የጸና ፈቃድ ያለው ማንኛውም ሰው ሊደግመው ይችላል ይላል፤ ዘወትር የምደግመው ግን እኔ ነኝ። አባላቱም እኔ እስክገባ እየጠበቁ ነበር።

«ጉልበቴን አሞኛል» አልኩ። «ፔዳሉን የምረግጥ አይመስለኝም።»

ኢንጂነር ያፌት ቅር አለው። «ታዲያ ቀጠሮ ልንሰጥ ነው?»

«የእርስዎ ፈቃድ የጸና ነው ሲባል ሰምቻለሁ ክቡር ሰብሳቢ። ክንፉንም አድርገዋል። ከከበድዎት ግን ግድ የለም፤ ከወጣቶቹ አንዱን እናፈላልጋለን።»

አንደኛው አባል ሊስቅ ሲል ሳል አስመሰለው። ኢንጂነር ያፌት ኮቱን አወለቀ።

«የእኔ እህት፣ ወይራ አምባን እኔ በወረቀት ካርታ በርሬባታለሁ» አለ። «ይኼ መጫወቻ ነው ሊከብደኝ?»

«መጫወቻ» ያለውን መቅጃው ያዘው፤ እኔም ያዝኩት። ከኋላው በአሠልጣኙ ወንበር ተቀመጥኩ። የጠባቂውና የኢዮስያስ ድምፅ ከቅጂው እንዳለ እንዲለቀቅ፣ ነፋሱም እንደዚያ ቀን እንዲገፋ አስተካክዬ ነበር። ምንም አልጨመርኩም፤ ምንም አልቀነስኩም። መጨመር አያስፈልግም ነበር።

ተነሣ። እውነቱን ልናገር፣ ከመሬት አነሣሡ ጥሩ ነበር። መሣሪያው ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ኢንጂነር ያፌት ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ እንደ ባለሥልጣን ጉሮሮውን ጠርጎ «አቤት» ይል ነበር፤ ለራሱ ሕግ ሰላምታ የሚሰጥ ይመስል ነበር። ቆይቶ መጥረጉን ተወው። ከዚያ ወሬ ጀመረ።

«በእኛ ጊዜ፣ አቤት፣ እንዲህ ያለ ምቾት የት ነበር። አንድ ጊዜ ጎሬ ላይ፣ አቤት፣ ሞተሩ በጭስ ታፍኖብኝ፣ አቤት፣ ረዳቴ ጸሎት ጀምሮ...»

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያማ፣ አቤት፣ እኔ ምን አልኩት መሰለሽ...»

አቤቱ ከትንፋሹ ጋር ይወጣና ይገባ ነበር። ከሰልጣኞቼ በምንም አልተለየም። አረንጓዴው ጽሑፍ ይበራል፣ ይጠፋል፤ አንድ ጊዜም አላየውም። ማንም አያየውም። ደመናው ውስጥ ገባን። ነፋሱ መግፋት ጀመረ።

ድንገት ሬዲዮው ጮኸ። «ካፒቴን! በሬዎች ሜዳው ላይ ገብተውብኛል፣ ትንሽ ይዙሩ!» ወዲያው የሟቹ የኢዮስያስ ድምፅ፣ ሳቅ ሳቅ እያለው፣ «በሬ ነው የሚለው? ስንት በሬ?» አለ። ከጋቢናው ውጪ ቃለአብ ፊቱን በሁለት እጁ እንደሸፈነ በኋላ ነገሩኝ። መሣሪያውም ክቡር አብራሪ እያለ በሁለቱ ላይ ተደረበ። ኢንጂነር ያፌት አንገቱን ወደ ማጉያው ሰገግ አደረገና ግንባሩን ቋጠረ።

«አቤት?» አለ።

አረንጓዴው በራ። መሣሪያው ዝም አለ። ኢንጂነር ያፌት አሁንም ጆሮውን አቅንቶ መልስ ይጠብቃል። መልሱ ሸንተረሩ ነበር። መስኮቱ በአንድ ጊዜ ድንጋይና ሣር ሆነ፣ ጋቢናው ተናወጠ፣ መብራቱ ጠፋ።

ጨለማው ውስጥ ያ የተለመደ ድምፅ መጣ። «ክቡር አብራሪ፣ ወድቀዋል። በመጨረሻ የሰጡት ምላሽ አቤት ነው። ሰምተዋል። ጉዳይዎ ለማስጠንቀቂያ ባለሥልጣን ተላልፏል።»

«ምን?» አለ ኢንጂነር ያፌት። «የቱ ጋ ነው ያስጠነቀቀኝ? ምንም አልሰማሁም!»

«አቤት ብለዋል» አልኩት።

«አቤት ያልኩትማ ስላልሰማሁ ነው!»

ጩኸቱ በማጉያው ወጥቶ አዳራሹን ሞላው። መብራቱ ቀስ ብሎ ተመለሰ። በጋቢናው በር በኩል ቃለአብን አየሁት፤ እጆቹን ከፊቱ ላይ አውርዶ ድምፅ ማጉያውን ያያል። አሁኑኑ የተነገረው ነገር ስለ ራሱ መሆኑን ቀስ በቀስ ሲረዳ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ከንፈሩ ያንን ዓረፍተ ነገር ያለ ድምፅ ደገመው።

ኢንጂነር ያፌት ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። ሲያስብ ይታወቀኛል። ጉዳዩ ወደ ራሱ መሥሪያ ቤት ሄዷል፤ መልሶ የሚያወጣው የለም። የወደቀ አውሮፕላን የወደቀ ነው። በሊዲያ ላይ የተጻፈው ክስ አሁን በእሱ ስም ይጻፋል፤ ክንፉም ከኮቱ ላይ ይነቀላል። አንድ መውጫ ብቻ ነበረው።

«ካፒቴን» አለ ድምፁን አለስልሶ። «አንቀጹ... ትርጉም ሊሰጠው የሚችል ይመስለኛል። የድምፁ አወጣጥ ግምት ውስጥ ሊገባ ይችላል።»

«ለማን?»

«ለሁሉም።»

«መቅጃው ክፍት ነው» አልኩት። «ስሙን ጠርተው ይናገሩት።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «በካፒቴን ቃለአብ ላይ የቀረበው ክስ፣ ምላሹ ጥያቄ ሆኖ ስለተገኘ፣ ተነሥቷል። ተመሳሳይ ጉዳዮችም በዚሁ መሠረት ይታያሉ።» ተመሳሳይ ጉዳዮች ሲል ማንን ማለቱ እንደሆነ ሁላችንም ገባን። ሊዲያን አልነበረም።

ውጪ አንድ ሰው ሲያለቅስ ሰማሁ። ቃለአብ ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኛል፤ ግን ንዴቴ ንቅንቅ አላለም። ይህ ሰው አንድን ንጹሕ ሰው እስር ቤት ሊያስገባ ሲል ጆሮ አልነበረውም። ጆሮ ያበቀለው የራሱ ክንፍ ሲነካ ነው። ነገ ጠዋት ደግሞ ሰልጣኞቼ እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ መሣሪያው ይጮኻል፣ እነሱም አቤት ይላሉ። ከነገ ወዲያ እውነተኛ አውሮፕላን ላይ ይወጣሉ።

«ክቡር ሰብሳቢ» አልኩት። «አንድ ነገር ቀርቷል። ርቀቱን ይቀንሱልን። መሣሪያው ተራራ ሲመጣ ብቻ ይጩህ። እርስዎ መፈረም ይችላሉ።»

የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ በጣቱ ላይ እየጠቀለለ ነበር። ማዳመጫውን አውልቆታል። ጋቢናው ውስጥ ከእኛ ትንፋሽ በቀር ድምፅ የለም፤ መሣሪያው እንኳ ዝም ብሏል።

«አቤት?» አለ።

ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ ጆሮው ሥር ደረስኩ። ሰልጣኝ እንደማስተምር፣ እያንዳንዱን ቃል ለይቼ ተናገርኩ። «ርቀቱን ይቀንሱ። ይፈርሙ። ኢዮስያስ የሞተው መሣሪያው በጣም ስለሚጮህ ነው።»

መስኮቱ ላይ የቀረውን ድንጋይና ሣር እያየ ኮቱን አነሣ። ክንፉ ቦታው ላይ መኖሩን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«አቤት?» አለ ደግሞ፣ ሽቅብ አድርጎ፣ በጣም ጨዋ በሆነ ድምፅ፤ ከወንበሩም ተነሣ።

ዳሽቦርዱ ጥግ ላይ አረንጓዴው ጽሑፍ በራ። «ሰምተዋል» ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ ስረግመው የኖርኩት መሣሪያ፣ ያን ቀን አልተሳሳተም።